ቀን ቀን የሚደበቀው ዓሣ

ሰው ለዝውውር ሲል የማይሆነው ነገር የለም። አንዱ የሌለ በሽታ ይታመማል፣ አንዱ የአለቃውን ልጅ ክርስትና ያነሳል፣ ሌላው ድንገት ድምፁ ያምርና አለቃው የሚያመልክበት ቸርች መዘምራን ውስጥ ይገባል። እኔ ዓሣ ጠበቅሁ። መሳቅ ከፈለጋችሁ ሳቁ፤ ባለቤቴም ስቃለች፣ ያከራዩን ሴትዮም ስቀዋል። ያልሳቀው ዓሣው ብቻ ነው።

ነገሩ እንዲገባችሁ መጀመሪያ እኔን እወቁኝ። የእንስሳት እርባታ ባለሙያ ነኝ፤ የምሠራው ጎጆ ነው። ጎጆን የማታውቁ ካላችሁ፣ ከአምቦ በስተሰሜን ደጋው ላይ ያለች ከተማ ናት። ገብሷ ግሩም፣ ድንቿ ግሩም፣ በጎቿ ግሩም። ብርዷ ግን ሰላምታ ሳይሰጥ አጥንት ውስጥ ይገባል። በጎቹ የቻሉት ፀጉር ስላላቸው ነው። የኔ ፀጉር ደግሞ ከራሴ ላይ እንኳ መሸሽ ከጀመረ ቆይቷል። ገበሬዎቹ “ዶክተር” ይሉኛል፤ ዶክተር አይደለሁም፣ ግን እንዲህ ባለ ብርድ ውስጥ የተገኘን ማዕረግ መመለስ አይቻልም።

ባለቤቴ ጫልቱ አምቦ ከተማ አስተማሪ ናት። የምንገናኘው ቅዳሜና እሑድ ነው፣ እሱም መንገዱ ከፈቀደ። ከተጋባን ጀምሮ ፊት ለፊት ከተነጋገርነው ይልቅ በስልክ “ይሰማሻል? አሁንስ ይሰማሃል?” የተባባልነው ይበልጣል። ስለዚህ በዚህ ምድር ላይ የምፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ወደ አምቦ መዛወር።

ዝውውሩን የሚፈርሙት ኦቦ ደሬሳ ናቸው፤ አምቦ ያለው የመሥሪያ ቤታችን ኃላፊ። የመሥሪያ ቤቱን ስም አልነግራችሁም፤ ነገ ጉዳይ ይኖረኛል። ኦቦ ደሬሳ ክፉ ሰው አይደሉም። “አይሆንም” ብለው አያውቁም። “ይሆናል” ብለውም አያውቁም። የሚሉት “ይታሰብበታል” ነው። የኔ ጉዳይ ከታሰበበት ብዛት የተነሳ እስካሁን አንድ ራሱን የቻለ ፍልስፍና ሊወጣው ይገባ ነበር።

እኚህ ሰው አንድ ጊዜ ለስብሰባ አዲስ አበባ ሄደው፣ ያረፉበት ሆቴል መግቢያ ላይ አኳሪየም ያያሉ። ዓሦቹ በመስታወቱ ውስጥ ሲንሸራሸሩ ሲያዩ ልባቸው ተነካ። “እኛስ ከማን እናንሳለን?” ብለው፣ ቢሮ ማስዋቢያ በሚል፣ የመስታወቱን ሳጥን ከነውሃ ማሞቂያው፣ ከነአየር መንፊያው አስመጡ። ቀያይ ዓሦች ነበሩበት። ከእነሱ ጋር ማንም አልገዛ ያለውን አንድ ጥቁር ዓሣ ሻጩ ምርቃት ብሎ ጨመረላቸው። ቢላ ዓሣ ይባላል። ስሙ ከመልኩ የመጣ ነው፤ ጠፍጣፋ ሆኖ ወደ ጅራቱ እየሾለ ይሄዳል፣ ጀርባው ላይ ክንፍ የሚባል የለውም፣ ሆዱ ሥር ግን ከአንገቱ እስከ ጅራቱ ድረስ አንድ ረጅም ክንፍ እንደ ቀሚስ ዘርፍ ይርገበገባል።

ብዙም ሳይቆይ ጠዋት ቢሮ ሲከፈት ከቀያዮቹ አንድ ጎድሎ ይገኝ ጀመር። በማግስቱም ሌላ። ኦቦ ደሬሳ እንደ ደንቡ ኮሚቴ አቋቋሙ። ኮሚቴው ተሰበሰበ፣ ውሃና ለስላሳ ጠጣ፣ ቃለ ጉባኤ ያዘ፣ የቢሮውን ጥበቃ ጠረጠረ። ጥበቃው ዓሣ ሲሸተው እንደሚያስመልሰው ቢምል ቢገዘት የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ተሰጠው። ቀያዮቹ አልቀው ጥቁሩ ብቻውን ወፍሮ ሲቀር ነው ኮሚቴው ነገሩን የተረዳው። ኮሚቴው ተበተነ፤ የጥበቃው ማስጠንቀቂያ ግን አልተነሳም፤ ለማንሳት ሌላ ኮሚቴ ያስፈልጋላ።

ከዚያ በኋላ ነው እኔ የተጠራሁት። ከጎጆ በሚኒባስ እየተንገጫገጭኩ መጥቼ፣ አቧራዬን አራግፌ ገባሁ።

“አካም ጅርታ፣ ጎበዝ? ቁጭ በል፣” አሉኝ ኦቦ ደሬሳ። ቁጭ በል ተብዬ ስለማላውቅ ደነገጥኩ። “ለስልጠና አዳማ ልሄድ ነው። ዓሣውን የሚይዝልኝ ታማኝ ሰው እፈልጋለሁ። አንተ የእንስሳት ባለሙያ ነህ።”

“ኦቦ ደሬሳ፣ የኔ እንኳ በግ ነው፣” አልኩ።

“በግ እንስሳ ነው?”

“አዎ።”

“ዓሣስ?”

“እሱም እንስሳ ነው፣ ግን…”

“በቃ! ስመለስ በጤና ካገኘሁት ያንተን ጉዳይ እፈርማለሁ።”

መጨረሻ ላይ ያለችውን ቃል አስተውላችሁልኛል? “ይታሰብበታል” አላሉም። “እፈርማለሁ” ነው ያሉት። እኔ በዚያች ደቂቃ አዞ ያዝ ቢሉኝም እቅፍ አድርጌ እወስድ ነበር።

ቢሮው በሌሉበት ስለሚቆለፍ ዓሣውን ጫልቱ ወደ ተከራየችው ቤት መውሰድ ነበረብኝ። ግማሹን ውሃ ቀንሼ ሳጥኑን ውስጡ ካለው ቁራጭ ቧንቧ ጋር በባጃጅ ጭኜ ጭኔ ላይ አስቀመጥኩት። በየጉድጓዱ ውሃው ይዘልና እላዬ ላይ ይፈስሳል። ከሁለተኛው መታጠፊያ በኋላ ሱሪዬን ያየ ሰው ስለኔ ጥሩ ነገር አያስብም። ባለባጃጁ በመስታወት እያየኝ፣

“ምንድነው እሱ?” አለ።

“ዓሣ ነው።”

“ኤሳ ጅራ? የታለ? እኔ የሚታየኝ ውሃና ቧንቧ ነው።”

“ቧንቧው ውስጥ ተደብቋል።”

 ልጁ እስከምንደርስ ድረስ ሌላ ተሳፋሪ አልጫነም። የሚፈራው እኔን እንደሆነ ገብቶኛል።

ጫልቱ በሩን ከፍታ እኔን አየች፣ ሳጥኑን አየች፣ ሱሪዬን አየች።

“ስንት ዓመት ሙሉ ባሌን ላክልኝ ብዬ ስጸልይ ቁርጡሚ ተላከልኝ? ዋቃዮ፣ ጸሎቴን በትክክል አልሰማህልኝም ማለት ነው!” አለች። እሷ ሲከፋት ዓሣውም እግዚአብሔርም በኦሮምኛ ነው የሚጠሩት።

ስለ ፊርማው ስነግራት ግን ጠረጴዛዋን ለቀቀችልኝ። የተማሪዎቿ ደብተር መሬት ወርዶ ዓሣው ጠረጴዛ ላይ ወጣ።

ባለሙያ ነኝና ስልኬን አውጥቼ ስለ ዓሣው አነበብኩ። አገሩ ደቡብ አሜሪካ ነው። ሞቃትና ቀስ ብሎ የሚሄድ፣ በረገፈ ቅጠልና በዛፍ ሥር ብዛት ሻይ የመሰለ ወንዝ ውስጥ ይኖራል። ቀን ቀን ሥር ለሥር ይደበቃል፤ ሲመሽ ነው ለሥራ የሚወጣው። ዓይኑ እምብዛም ስለሆነ ከሰውነቱ በጣም ደካማ የሆነ ኤሌክትሪክ እያመነጨ በዚያ መንገዱን ይለያል። ሳይዞር ወደ ፊትም ወደ ኋላም እኩል ይዋኛል። ይህን ሳነብ ኦቦ ደሬሳ ለምን እንደወደዱት ገባኝ። ቀን ተፈልጎ የማይገኝ፣ መዞሩ ሳይታወቅ ወደ ኋላ የሚሄድ ፍጡር በየቢሮአችን ሞልቷል። የራሱ መብራት ያለው ግን እሱ ብቻ ነው።

የኤሌክትሪኩ ወሬ ግቢው ውስጥ ወጣ። አከራያችን እትዬ አስካለ ነጠላቸውን አጣፍተው ለመጠየቅ መጡ።

“ልጄ፣ ኤሌክትሪክ አለው የሚባለው እውነት ነው?”

“ትንሽ አለው፣ እትዬ።”

“ታዲያ የኔን ቆጣሪ አያስቆጥርብኝም?”

“የራሱን ነው የሚጠቀመው።”

“ስልክስ ይሞላል?” አይ፣ አይሞላም ስላቸው ፊታቸው ጠቆረ። ቧንቧው ውስጥ አጮልቀው አዩና ምንም ሲያጡ፣ “ይሁና፣ እግዜር ያሳድግላችሁ፣” ብለው ወጡ። ልጅ የለንም፤ ምርቃቱን ለዓሣው ተቀበልን።

ደህና ሰነበትን። ፍቃድ ወስጄ ነበርና ከጫልቱ ጋር እንደ ባልና ሚስት አብሬ እበላለሁ፣ እሷ ስታስተምር እኔ ዓሣ እጠብቃለሁ። እንዲያውም እንዲህ ያለ ኑሮ ከሆነ ኦቦ ደሬሳ ስልጠናው ላይ ይቅሩ አልኩ። ይሄን ባሰብኩ በማግስቱ፣ ቅዳሜ ረፋድ ላይ፣ መብራት ጠፋ።

መብራት መጥፋቱ ለኛ አዲስ ነገር አይደለም። ለዓሣው ግን ነው። አረፋ የሚያወጣው መንፊያ ቆመ፣ ማሞቂያው ቆመ። ከሰዓት ሲሆን ውሃው ቀዘቀዘ፤ እኔም ለመጀመሪያ ጊዜ ዓሣውን በቀን ብርሃን በደንብ አየሁት። ከቧንቧው ወጥቶ በጎኑ ተጋድሟል። ጉንጩ ይከፈታል፣ ይዘጋል። እኔ ያየሁት ግን ዓሣውን አልነበረም። ያየሁት የኦቦ ደሬሳን እስክሪብቶ ነው፤ ተንጋልሎ ሲሞት።

“አንተ ሰው፣ አንድ ነገር አድርግ!” አለች ጫልቱ።

“ምን ላድርግ?”

“እኔን ትጠይቀኛለህ? ባለሙያው አንተ!”

በጭንቀት ጊዜ የአምቦ ሰው ምን እንደሚያስብ ታውቃላችሁ? ውሃውን ነው። እኛ ጨጓራችን ሲነድ፣ ወገባችን ሲቆረጥመን፣ ከሠርግ ማግስት ራሳችን ሲፈልጠን መድኃኒታችን ያው ከመሬት የሚፈልቀው ውሃ ነው። ሰው ከስንት አገር አቋርጦ ሊጠመቅበት ይመጣል። እና አእምሮዬ ውስጥ አንድ ብርሃን በራ፤ በቀበሌው ውስጥ የበራው እሱ ብቻ ነበር። ዓሣው የሚፈልገው ሙቀት ነው፤ ፍል ውሃው ይሞቃል። ዓሣው የሚፈልገው አረፋ ነው፤ የኛ ውሃ አረፋው ከነተፈጥሮው ነው። ማሞቂያና መንፊያ አንድ ላይ፣ ያለ መብራት! ይሄን የሚያህል ነገር ከእግራችን ሥር እያለ ሰው እንዴት መንፊያ ይገዛል?

“ጋዝ አለበት እኮ፣” አለች ጫልቱ።

“እኮ! ለዚህ እኮ ነው!” አልኳት፤ ስለ ሴት ልጅ የሳይንስ ዕውቀትም አንድ ነገር ጨመርኩ። ምን እንዳልኩ አልደግመውም፤ እሷ ግን እስከዛሬ በየሳምንቱ ትደግምልኛለች።

ጀሪካን ይዤ በባጃጅ በረርኩ። ከምንጩ ቀድቼ፣ ሙቀቱ እንዳይወጣ በጋቢ ጠቅልዬ ተመለስኩ። እትዬ አስካለም ወሬውን ሰምተው መጥተዋል። ቀዝቃዛውን ውሃ ቀነስኩ፣ ሞቃቱን ቀስ እያልኩ ጨመርኩ። ሳጥኑ በአረፋ ተሞላ። ዓሣው ተነሳ! ቀጥ ብሎ ተነሳ! ወደ ፊት ተወረወረ፣ ሳይዞር ወደ ኋላ ተወረወረ፣ እንደገና ወደ ፊት። “ነፍስ ዘራ!” ብዬ ጮህኩ። እትዬ አስካለ እልል አሉ። ጫልቱን አቅፌ ልስማት ስዞር እሷ በትከሻዬ ላይ ሳጥኑን እያየች፣

“ቆመ፣” አለች።

ቆሟል። ቧንቧው ላይ ተደግፎ፣ ዘርፉ ሳይርገበገብ። በኋላ እንዳነበብኩት፣ ዓሣ የሚተነፍሰው አየር ሌላ ነው፤ የኛ ውሃ ውስጥ የሚፈላው ጋዝ ደግሞ እኛ ተንፍሰን የምናወጣው ዓይነት ነው። ዓሣውን በአምቦ ውሃ አፍኜ ገደልኩት ማለት ነው። ሰው ሁሉ ሊድንበት የሚመጣበትን ውሃ ለመግደያ የተጠቀመ የመጀመሪያው ባለሙያ ሳልሆን አልቀርም።

እውነቴን ነው የምላችሁ፣ አዘንኩለት። ያን ሁሉ ባሕር ተሻግሮ፣ ከሞቃት ወንዙ፣ ከዛፍ ሥሩ ተለይቶ፣ መጨረሻው እኔ እጅ ላይ። እትዬ አስካለ “ነፍስ ይማር” ሊሉ ጀምረው አፋቸውን በነጠላቸው ያዙት። ግቢው ውስጥ ካለው ሎሚ ሥር ቀበርኩት።

“ነገ ደውዬ እነግራቸዋለሁ፣” አልኩ።

ጫልቱ እጇን እያደረቀች፣ “ንገራቸውና ጎጆ ጡረታ ውጣ፣” አለች። ከዚያ፣ “ለመሆኑ ያንን ዓሣ ማን አይቶት ያውቃል?” ስትል ጠየቀች።

“ኦቦ ደሬሳ።”

“መቼ?”

አሰብኩ። ኦቦ ደሬሳ ቢሮ ያሉት ቀን ነው፤ ዓሣው ውጪ ያለው ማታ ነው። ቀያዮቹ ካለቁ ወዲህ ሁለቱ ተገናኝተው አያውቁም። ሕሊናዬ ተከራከረኝ፤ ብዙ አልቆየም፣ ጫማዬን አስሬ እስክጨርስ ነው።

ሳጥኑን አጥቤ፣ ንጹሕ ውሃ ሞልቼ፣ ቧንቧውን በቦታው አድርጌ ቢሮ መለስኩት። ኦቦ ደሬሳ ከአዳማ እንደገቡ ጎንበስ ብለው አዩ።

“የታለ?”

“ተደብቋል፣” አልኩ።

“አየህ!” አሉና ትከሻዬን መቱኝ። “ቀን መደበቁ የጤንነቱ ምልክት ነው። በጥሩ ሁኔታ ይዘኸዋል።” ፈረሙ። እዚያው፣ ዓይኔ እያየ ፈረሙ። ወረቀቱን ለጫልቱ ሳሳያት አለቀሰች፤ እኔም አለቀስኩ። ከዚያ የምደባውን መስመር አነበብን፤ “የዓሣ ሀብት ልማት ባለሙያ” ይላል። የዓሣውን እንክብካቤ በቋሚነት እኔ እንድከታተል ተወስኗል።

እንዲህ ሆኖ ጠዋት ጠዋት ለባዶ ውሃ ምግብ የምበትን የመንግሥት ሠራተኛ ሆንኩ። ማታ ደግሞ የበተንኩትን እለቅማለሁ። እንግዶች ሲመጡ ኦቦ ደሬሳ ሳጥኑ ፊት ያቆሟቸዋል። መጀመሪያ ፈርቼ ነበር፤ ለካ የሚያስፈራ ነገር የለም። ኃላፊ “ያው ቧንቧው ውስጥ ነው” ካለ የማያይ እንግዳ የለም። አንዱ ጅራቱን አየ። ሌላው ዓይኑ ቀይ እንደሆነ ነገረን። ከላይ የመጡ አንድ ትልቅ ሰው ደግሞ “ባለፈው ካየሁት ወፍሯል” አሉ። ጥበቃው ብቻ ነው አንድ ቀን ብዙ ጊዜ አፍጥጦ አይቶ ሲያበቃ ወደኔ ዞሮ፣ “አሁን እንኳ እኔን አትጠረጥሩኝም መቼም፣” ያለኝ። ሻይ ጋበዝኩት።

ጣጣው የመጣው በሪፖርት ነው። ኦቦ ደሬሳ ጠሩኝና፣ “የሩብ ዓመቱ እቅዳችን ላይ ዓሣ አለ። አፈጻጸሙ ምን ይባል?” አሉኝ።

“ባለበት ነው፣” አልኩ። ከዚህ የበለጠ እውነት ተናግሬ አላውቅም።

“ባለበት የሚባል አፈጻጸም የለም። አልወለደም?”

“አንድ ነው እኮ ኦቦ ደሬሳ። ብቻውን እንዴት ይወልዳል?”

“ባለሙያው አንተ አይደለህ እንዴ?” አሉኝ። ሚስቴም አለቃዬም በአንድ ዓረፍተ ነገር ነው የሚያሸንፉኝ። ተጨንቄ “አበረታች የመራባት ምልክቶች ይታያሉ” ብዬ ጻፍኩ። ወረቀቱ አንድ ፎቅ ሲወጣ “ተራብቷል” ሆነ። ሌላ ፎቅ ሲወጣ “በስፋት ተራብቷል” ሆነ። ሲመለስ ምርጥ ተሞክሮ ተብሎ መጣ፤ ጫጩቶቹ ለወረዳዎች ይከፋፈሉ የሚል ውሳኔም አስከትሎ።

ስብሰባ ተጠራ። አንዱ ተነስቶ፣ ሐሮ ወንጪ ወስደን ሐይቁ ውስጥ በይፋ እንልቀቃቸው፣ ቱሪስት ይያቸው፣ ካሜራም ይጠራ አለ። ተጨበጨበ። እኔ ላቤ ጀርባዬን አጠበው፤ በካሜራ ፊት ከባልዲ ምን ልለቅ ነው? ተነስቼ፣ የውጭ አገር ዓሣ ወደ ተፈጥሮ ሐይቅ መልቀቅ ሐይቁን እንደሚጎዳ፣ ይህ ፍጥረት በሳጥን ውስጥ በባለሙያ እጅ ብቻ መያዝ እንዳለበት ተናገርኩ። በሕይወቴ እንዲህ አምሮልኝ ተናግሬ አላውቅም፤ ደግሞም እውነት ነው።

ኦቦ ደሬሳ በኩራት ተነሱ። “ሰማችሁ? በባለሙያ እጅ! ስለዚህ ወንጪ ቀርቶ ከተማ ለከተማ በሳጥን ይሁን። በደጋው አየር ለመሞከር ከጎጆ እንጀምራለን።” ወደኔ ዞሩ። “ባለሙያው ደግሞ አንድ አንተ ነህ።”

አንድ ሰው “አይ፣ ዓሣው እኮ ሞቷል” ቢል ኖሮ እድን ነበር። ያንን ሊል የሚችለው አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ እሱም አጨበጨበ።

ጫልቱ ሻንጣዬን አዘጋጀችልኝ፤ ሁለት ሹራብ፣ ጋቢ፣ የሱፍ ካልሲ። አልሳቀችም፣ አልተቆጣችም፤ ያ ነው የጎዳኝ። በሩ ላይ ስትደርስ፣ “ለጫጩቶቹስ ሹራብ ልሥራላቸው?” አለችና ፊቷን አዞረች።

አሁን የጎጆ ሚኒባስ ውስጥ ነኝ። ውሃና ቧንቧ የያዘ የመስታወት ሳጥን ጭኔ ላይ ነው፤ ሱሪዬ እንደለመደው ረጥቧል። ዳገቱን ስንጀምር ብርዱ በመስኮቱ ገባ። አጠገቤ የተቀመጡ አንድ የጎጆ ሽማግሌ ገበሬ ጎንበስ ብለው ሳጥኑን አዩ።

“ዶክተር፣ ምንድነው?”

“ዓሣ ነው፣ አባ።”

“የታለ?”

“ተደብቋል።”

ሽማግሌው ራሳቸውን ነቀነቁ። ጋቢያቸውን ትከሻቸው ላይ ሰብሰብ አድርገው፣ ከልባቸው አዝነው፣ “ምስኪን! የኛ ብርድ አይገድለውም?” አሉኝ።

“እሱን እንኳ ምንም አያደርገውም፣ አባ፣” አልኳቸው። “የምሰጋው ለራሴ ነው።”